ጾመኛውን መደብ ማን አጠጣው

ለጣቢያው ሠራተኞች፣ ለሠራተኞቹ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ጉዳዩ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለሚመለከታቸው ወገኖች በሙሉ! አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ መያዣው በሽቦ የተጠገነ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳው አፉ ከወለቀ የከረመ አንድ የውሃ ማጠጫ ከዕቃ ግምጃ ቤት በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ አለመመለሱን ስንገልጽ ጥልቅ ሐዘን ይሰማናል። ማጠጫውን የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ ወይም ሊወሰድ እንደሚችል አስቀድሞ የጠረጠረ ሁሉ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ በጥብቅ እናሳስባለን።

ማስታወቂያው የተለጠፈው በትምባሆ ምርምር ጣቢያው ቢሮ መግቢያ ላይ ነው። ሁለት ማኅተም አርፎበታል፤ አንደኛው ተዘቅዝቆ። ከሥሩ በዚያው ስፒል መዳፍ የምታክል ሌላ ወረቀት ተሰክታለች። የአፈር ክፍል ባልደረባችን አባት ስላረፉ ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን ትላለች። እሷ ላይ ማኅተም የለም። ሰው ሁሉ የላይኛውን ቆሞ ያነባል፣ የታችኛዋን ደግሞ እግረ መንገዱን አይቶ ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል።

እውነቱን ለመናገር ማጠጫው አልጠፋም። በቢሮው መስኮት አንገቱን ብቅ ያደረገ ሁሉ ያየዋል፤ ማሳው ጥግ፣ ጭቃ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ነገር ግን ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ አለመጥፋቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ በአሠራር ጠፍቷል። ማን እንደወሰደውም የማያውቅ የለም። የወሰደው ያቺ ትንሽ ወረቀት የተለጠፈችለት ሰውዬ ነው፤ በጣቢያው አጠራር የአፈር ሐኪሙ።

ሰዉን ግራ ያጋባው ሌላ ነው። ይህ ሰው ጾመኛው በሚባለው መደብ ላይ ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ጠብታ እንዳትወድቅ ዓይኑን ሳይነቅል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዘበኛው አንዴ ከመደቡ ዳር እጁን ቢታጠብ ሰላምታ የነፈገው ሰው ነው። ያ ሰው ራሱ፣ ቅጠሉ ሊለቀም ጥቂት ሲቀረው፣ መደቡን ጭቃ እስኪሆን አጠጣው ቢባል ማን ያምናል?

የአፈር ሐኪም ያሉት ለፌዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ረጅሙን መሰርሰሪያ አፈር ውስጥ ይሰነቅርና ከሥር የወጣውን ጭብጥ አፈር በቆርቆሮ ቋት ከድኖ፣ የሕመምተኛ ደም እንደሚወስድ ሰው እየተጠነቀቀ ወደ ላቦራቶሪ ይወስዳል። ይመዝነዋል፣ በምድጃ ያደርቀዋል፣ እንደገና ይመዝነዋል። የጎደለው ያው ውሃው ነው።

«በሽተኛህ እንዴት አደረ?» ይሉታል የቀን ሠራተኞቹ።

«ጠምቶታል።»

«አጠጣዋ ታዲያ!»

«እንዲጠማው ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ» ይላል፣ ፈገግ ሳይል። የማይስቀው ቀልዱን እንዳያበላሽ ይሁን ቀልድ መሆኑን ሳያውቅ፣ እስካሁን አልታወቀም።

መደቦቹ ሦስት ናቸው፤ ስማቸውን ያወጡትም የቀን ሠራተኞቹ ናቸው። ጥጋበኛው ውሃ ባሰኘው ጊዜ ያገኛል። መካከለኛው በልክ ያገኛል። ጾመኛው ከነፍስ ማቆያ በቀር አይቀምስም። የጥጋበኛው ቅጠል ጃንጥላ አክሎ ይንዠረገግና ደርቆ ሲወጣ እንደ ጋዜጣ ይሳሳል፤ ክብደት የለው፣ ሽታ የለው። የጾመኛው ቅጠል ትንሽ፣ ወፍራም፣ ጥቁረት ያለውና አፍንጫ የሚጠልዝ ነው፤ ያጨሰው ሰው ጠላቱን የሚያስታውስበት ዓይነት። የቅጠል ገዢዎች ሁለቱንም አገላብጠው አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሆኖም ትምባሆ ጨርሶ ሳይጠማ ቢያድግም አይሆንም። ችግኙ በተተከለ ሰሞን ካልተጠማ ሥሩን ወደ ታች አይልክም፤ ላይ ላዩን ሲንፏቀቅ ይቀርና የመጀመሪያው ድርቅ ይዞት ይሄዳል። እናም የአፈር ሐኪሙ ሥራ የአንድ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነበር፦ ጥማት እስከ የት ድረስ ይጠቅማል፣ ከየት ጀምሮስ ይጎዳል? ሥራ አስኪያጁ መልሱን በአንድ መስመር ይፈልጉታል፤ እንግዶች ሲመጡ የሚነበብ።

አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምባሆ ሲያለሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እንኳ አላጨሱም። ለምን ቢሏቸው፣ «የሬሳ ሣጥን የሚሠራ አናጢ ሳጥኑ ውስጥ ያንቀላፋል እንዴ?» ይሉ ነበር። እሳቸውን ያደከማቸው ትምባሆ አልነበረም፤ ልባቸው ነው። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲላቸው ልጃቸው እየደገፈ ጣቢያው ግቢ ወዳለው የሠራተኛ ቤት አመጣቸው። ሁለት ክፍል ናት፤ አንዷን ለሳቸው ለቀቀ። አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ሆነ። መስኮቱ ደግሞ፣ ነገር አይቀርምና፣ በቀጥታ የሚያየው ጾመኛውን ነው።

ወጣቱ ሐኪም መርምሯቸው ሲጨርስ ልጁን ወደ ጎን ጠራው። «ልባቸው መግፋት አቅቶታል። የሚጠጡት ሁሉ እግራቸውና ሳንባቸው ላይ ነው የሚጠራቀመው። መድኃኒቱን ይዋጡ፣ ውሃ ግን በልክ» አለና ልኩን ሊያሳይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሻይ ብርጭቆ አነሳ። «ጠዋት ይቺን፣ ቀን ይቺን፣ ማታ ይቺን። በቃ።»

አባትየው ከአልጋው ላይ ሆነው ሰምተዋል።

«እኔንም መደብ አደረጋችሁኝ?» አሉ።

«መካከለኛው ነዎት አባባ» አለ ልጁ።

«ውሸታም! ጾመኛው ነኝ። ይኸው በመስኮት እየተያየን።»

ያን ቀን ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ያቺ ብርጭቆ የቤቱ ገዢ ሆነች። አባትየው ጠዋት የተሰጣቸውን በአንድ ጊዜ አይጨርሱትም፤ ትንሽ ትንሽ እየቀመሱ መስኮቱ ደፍ ላይ ያኖሩታል፣ ከዚያ ያዩታል። ውሃ እንደዚያ ሲታይ ልጁ አይቶ አያውቅም ነበር። «ድሮ ይሄን ያህል ነገር አለው ብዬ አስቤው አላውቅም» አሉት አንድ ጊዜ፣ ብርጭቆውን በፀሐይ አንጻር ይዘው።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷን ለማስታመም የስፌት መኪናዋን አስጭና መጥታ አባቷ አልጋ አጠገብ ተከለችው። ቀን ቀን ወንድሟ ማሳ ሲውል እሷ እየሰፋች ትጠብቃለች። መኪናው ሲንቀጠቀጥ አባትየው ደስ ይላቸዋል፤ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው አለ ማለት ነው።

«እትዬ፣ ከብርጭቆዋ እንዳታልፊ» ይላታል ጠዋት ሲወጣ።

«ሰማሁ።»

«ቢለምኑሽም።»

«ሰማሁ አልኩህ! አንተን የወለደ ሰው እኔንም ወልዶኛል።»

አንድ ቀን ቀትር ላይ ግን አልቻለችም። አባቷ አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ምላሴ የኔ አልመስል አለኝ» ብቻ ነው ያሉት። ማሰሮ የሚያክለውን ጀግ ሞልታ ሰጠቻቸው። እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ ጭላጩ ጠጡት። «መረቁኝ» አለች በኋላ፣ ለመኩራራት ሳይሆን ራሷን ለመከላከል። አመሻሹ ላይ መተኛት አቃታቸው። ቁጭ ብለውም አልሆነም። ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲንፈቀፈቅ ከደጅ ይሰማ ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው።

ተረፉ። ወጣቱ ሐኪም ግን ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። «በአልጋቸው ላይ ልታሰምጧቸው ነበር! እዚያ ቤት ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ማነው?»

እህትየው አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ» አለ የአፈር ሐኪሙ።

ቤት እንደገቡ ጀጉን ሳጥን ውስጥ ቆለፈ። ከአባቱ ክፍል ቀጥሎ ያለችው መታጠቢያ ቤት አንዲት ቧንቧ ነበረቻት፤ የቧንቧዋን እጀታ በፒንሳ ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቧንቧ የሚከፈተው እሱ ሲኖር ብቻ ሆነ።

እህቱ በር ላይ ቆማ ስታየው ቆየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።»

«ይጠማቸዋል እኮ አንተ!»

«አውቃለሁ። ስሚኝ እትዬ። ባለፈው ዝናብ ጥጋበኛው መደብ ውሃ ሲቋጥር ትዝ ይልሻል? ቅጠሉ በሙሉ ተዘልፍልፎ ተኛ። ያየ ሁሉ ጠምቶት ነው ብሎ ቱቦ ይዞ መጣ። ሥሩ ግን ሰምጦ ነበር፤ መተንፈስ አቅቶት ነው። የሰመጠውም የጠማውም አተኛኘታቸው አንድ ነው። ሲያዩት አንጀት ይበላል፣ ቢያጠጡት ይሞታል።»

እህቱ መቀሷን አስቀመጠች። «አባትህ ናቸው ወይስ መደብህ?»

አባትየው ግን ከአልጋው ሆነው፣ «ተይው፣ ልክ ነው» አሉ። «እኔም ብሆን እንደሱ አደርግ ነበር።» ይህን በማለታቸው ልጁ ለጊዜው ቀለል አለው።

አባቱ እውነታቸውን ነው። የአፈር ሐኪሙ ገና ልጅ ሳለ፣ የተተከለው ችግኝ ቀትር ላይ መሬት ለጥፎ ተኝቶ ቢያይ አልቅሶ፣ በጣሳ ውሃ ቀድቶ እየሮጠ ሲመጣ እጁን ለቀም ያደረጉት እሳቸው ናቸው። «ተወው» አሉት። «ቀትር ላይ የተኛ ሁሉ አልታመመም፤ ፀሐይ አድክማው ነው፣ ማታ ይነሳል። ይልቅ ጎሕ ሲቀድ ና። ሌሊቱን ሙሉ አርፎ ጠዋት ያልተነሳውን ስታይ፣ ያን ጊዜ ውሃ ይዘህ ሩጥ።» ማታ መጥቶ አየ፤ ችግኞቹ እንደ ወታደር ቆመዋል። የገረመውን ያህል በሕይወቱ ሌላ ነገር አልገረመውም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያንኑ ነገር ከነምክንያቱ ሲያስተምሩት፣ የሚያውቀውን ሰው ከተማ መሃል እንዳገኘ ደስ አለው። እስከ ዛሬም በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ ጾመኛውን ዞሮ የሚያየው ለዚህ ነው፦ ማን ተነሳ፣ ማን ሳይነሳ ቀረ።

አባትየው እየደከሙ ሄዱ። እብጠቱ ከእግራቸው ሳይወርድ ፊታቸው ከሳ። ቀትር ላይ ውሃ ይለምናሉ።

«የቀኗን ጠጥተዋል አባባ።»

«ጠጣሁ እንዴ?»

«አሁን፣ እትዬ ሰጠችዎ።»

«እንግዲህ ከሆነ ይሁን» ይላሉ።

«ሙቀቱ ነው አባባ። ሲመሽ ይቀልልዎታል።»

አባትየው በዓይናቸው ጥግ ያዩታል። «ማታ ይነሳል አልክ?»

«ይነሳል።»

ትንሽ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ወደ ሳል ይለወጣል።

አንድ ማለዳ እህቱ ገና ከጎረቤት ማደሪያዋ አልመጣችም ነበር። የአፈር ሐኪሙ ለዙሪያው ሊወጣ ጫማውን ሲያስር አባቱ ጠሩት። ድምፃቸው ወረቀት ሲፋተግ ይመስላል።

«ልጄ።»

«አቤት አባባ።»

«መሽቷል ወይስ ነግቷል?»

«ሊነጋ ነው።»

«ደህና አድርገህ እየው እስቲ።»

መጋረጃውን ገለጠ። «ወገግ ብሏል።»

«እንግዲያው እየኝ» አሉ። አንገታቸውን ማንሳት አልቻሉም። «ትናንት ቀትር ላይ ለመንኩህ፣ ሙቀቱ ነው አልከኝ። እሺ አልኩ። ማታ ይቀልልዎታል አልከኝ። አልቀለለኝም፤ እንዳልረብሽህ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ጎሕ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አርፌያለሁ። እየኝ፤ አልተነሳሁም።»

አያቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ነጭ ነገር ደርቆበታል። ምላሳቸው እንደ እንጨት ነው። ምን እያሉት እንደሆነ ገብቶታል፤ እንዳልገባው መሆን ከማይችልባት ከዚያች ደቂቃ ለማምለጥ ጥጥ አንስቶ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ከንፈራቸውን አረጠበ። ጥጡን በድዳቸው ያዙት። ጠቡት። እንዳይውጡት ብሎ ቀስ አድርጎ ሳበው፤ እሳቸውም ቀስ ብለው ለቀቁት፤ ከእጅ ላይ ነገር ሲወሰድበት እንደማይታገል ሰው።

እጁ ኪሱ ገባ። የቧንቧው እጀታ እዚያ ነው፤ ብረቱ ቀዝቅዟል። የዚያች አመሻሽ ንፍቅፍቅታ ጆሮው ውስጥ መጣ፤ የጠቆረው ከንፈር፣ ኮሪደሩ፣ «ልታሰምጧቸው ነበር» የሚለው።

«የጠዋቷን ፀሐይ ስትወጣ አመጣልዎታለሁ» አለ። «ቶሎ ዞሬ እመለሳለሁ። ትንሽ ይታገሱኝ አባባ።»



«እሺ» አሉ። «አንተ ታውቃለህ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ማሳው ቀዝቃዛ ነበር። በጾመኛው መደብ መካከል እየተራመደ አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም ቆመዋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ዳር ዳራቸው ወደ ቢጫ ማለት ጀምሯል፤ ሊደርሱ ነው። አንድም ያልተነሳ የለም። ደስ አለው። ይህን ለአባባ እነግራቸዋለሁ ብሎ አሰበ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ተጠምቶ አንድ እንኳ አልተኛም ብዬ።

ተመልሶ ውሃውን ብርጭቆዋ ውስጥ ሞልቶ፣ ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርጎ ሞልቶ፣ ወደ ክፍሉ ገባ። እህቱ ደርሳለች። መኪናው ላይ አልተቀመጠችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች፤ አልጮኸችም። ቀና ብላ መጀመሪያ ብርጭቆዋን፣ ከዚያ እሱን አየች። ተነስታ ብርጭቆዋን ከእጁ ወሰደችና መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አባቷ ሁልጊዜ የሚያኖሯት ቦታ ላይ፣ አስቀመጠቻት። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ብርጭቆዋ ለቅሶው እስኪያልቅ እዚያው ቆየች። የሚጠጣትም፣ የሚደፋትም አልተገኘም።

ከቀብሩ በኋላ ግቢው ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ሥራ አስኪያጁ መጡ፤ ሟቹን ሳያውቋቸው ስለ ሟቹ ደግነት ብዙ ተናገሩ። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ መጣች፤ ወንበሮቹ የጣቢያው ስለሆኑ በመጣችበት ቆጥራ ተቀመጠች። እህቱ አንሶላዎቹን ልታጥብ ፈልጋ፣ «የቧንቧውን እጀታ ስጠኝ» አለችው። «እሰጥሻለሁ» አለ፤ አልሰጣትም። ሁለተኛ አልጠየቀችውም። በባልዲ ከውጪው ቧንቧ እየቀዳች አጠበች።

ወጣቱ ሐኪምም መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከተረኛነት ወጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ በእግሩ ነው የመጣው። ከአፈር ሐኪሙ አጠገብ ተቀመጠ።

«ደህና አድርገህ ነው ያስታመምካቸው» አለ። «እውነቴን ነው። እንዳንተ የሚጠነቀቅ አላየሁም።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«መጨረሻ መጨረሻ ላይማ ያን ያህል ባትጨነቅም ይቻል ነበር።»

የአፈር ሐኪሙ ዞር አለ። «እንዴት?»

«የመጨረሻዎቹን ቀናት ማለቴ ነው። ያኔ እኮ ልባቸው በቅቶት ነበር፤ ቢጠጡም ባይጠጡም የሚለወጥ ነገር የለም። ለእንደዚያ ያለ በሽተኛ ያሰኘውን እንሰጠዋለን፣ ምላሱ እንኳ ይርጠብ ብለን።» ቆም አለ። «አልነገርኩህም እንዴ?»

«አልነገርከኝም።»

«የነገርኩህ መስሎኝ…» አለ ሐኪሙ። ስልኩ ጮኸ፤ ከሆስፒታል ነው። ተነስቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና ሄደ።

የአፈር ሐኪሙ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቆየ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ለቀስተኛው ጥላ ፍለጋ ወንበሩን እየጎተተ ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። ተነሳ። ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ መስሏቸው ማንም አልተከተለውም።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ኃላፊዋ ለቅሶ ቤት ወንበር እየጠበቀች ነው። ከሁሉ ፊት ያገኘው ያ አረንጓዴ ማጠጫ ነው። ከማሳው ዳር ካለው ቧንቧ ሞላውና ወደ ጾመኛው መደብ ገባ።

ቀትር ነበር። እንደ ሁልጊዜው ቅጠሎቹ ተኝተዋል። ሰፋፊዎቹ ትከሻቸው እንደወደቀ ሰው ተንጠልጥለዋል፣ ትናንሾቹ ግንዳቸው ላይ ተለጥፈዋል። ሲመሽ እንደሚነሱ ያውቃል። ይህን ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ በግቢው የለም። ማጠጫውን አዘነበለ። አፉ ስለወለቀ ውሃው ዱብ ብሎ ወርዶ አፈሩን ቆፈረው፤ ሥሩን እንዳያራቁተው መዳፉን ከሥር አደረገለት። ውሃው በጣቶቹ መካከል እየተከፋፈለ ለስለስ ብሎ ወረደ። አፈሩ ሲጠጣ ይሰማል፤ ደረቅ አፈር ውሃ ሲያገኝ እንደ መተንፈስ ያለ ድምፅ አለው። የመጀመሪያውን ግንድ አጠጥቶ ወደ ሁለተኛው አለፈ።

ዘበኛው ከማማው ሥር አይቶት እየሮጠ መጣ።

«ጌታው! ምነው? ይሄ እኮ ጾመኛው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ቀትር ነው እኮ! አንተ ራስህ አይደለህ ቀትር ላይ አይታመንም ያልከኝ? እጄን ብታጠብ አይደል ስንት ወር የዘጋኸኝ?»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ የአፈር ሐኪሙ፣ ማጠጫውን ሳያቆም። ዘበኛው ይቅርታው ስለ የትኛው እንደሆነ ሳይገባው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሐዘንተኛ ነውና፣ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከቧንቧው መደቡ፣ ከመደቡ ቧንቧው ሲመላለስ ዋለ። ጫማው ጭቃ ጠጥቶ ከበደ። ጥላው ሲረዝም ቅጠሎቹ መነሳት ጀመሩ፤ ባያጠጣቸውም ይነሱ ነበር። የመጨረሻው ግንድ ሥር ውሃው ተቋጥሮ አልሰርግ እስኪል ድረስ አፈሰሰ። ከዚያ ማጠጫውን እዚያው ትቶ ወደ ወንበሩ ሄደ።

መደቡ ተበላሸ። ሊደርስ የጀመረ የትምባሆ ቅጠል ድንገት ውሃ ሲያገኝ ልጅነት ይቃጣዋል፤ ቢጫው ይመለስና አረንጓዴ ይሆናል፣ ከጎኑ ያላሰቡት ቀንበጥ ያወጣል። ቢለቀም አይደርቅም፣ ቢደርቅ ይዥጎረጎራል። ጾመኛው ጾሙን ፈታ፤ ጥማት ከየት ጀምሮ ይጎዳል የሚለው ጥያቄም መልሱን ሳያገኝ ቀረ። እንግዶቹ የሚነበብላቸው መስመር የለም።

ኮሚቴው ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ አለች። ሦስተኛው ከሒሳብ ክፍል የተወከለ፣ ስለ ትምባሆ ማጨሱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ማጠጫው ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተቀምጧል፣ እንደ ክብር እንግዳ። ጭቃውን ማንም አልጠረገለትም፤ ማስረጃ ነው።

ያን ጠዋት እህቱ የሸሚዙን የላላ ቁልፍ እላዩ ላይ እንዳለ እየሰፋችለት፣ «ምን ትላቸዋለህ?» ብላው ነበር።

«ምንም።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ደረቱን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ለቀቀችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከዚያ ማለዳ በኋላ የነካችው።

«ተቀመጥ» አሉት ሥራ አስኪያጁ። ድምፃቸው የአባት ነበር። «እንግዲህ ሐዘን ላይ ነህ፣ እናውቃለን። ጉዳዩን ማክበድ አንፈልግም። መደቡን ያጠጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«መካከለኛው መስሎህ ነው። እንደዚያ ነው አይደል?»

«አይደለም። ጾመኛው መሆኑን አውቃለሁ።»

«እሺ፣ ጠውልጎ አይተኸው ደንግጠህ ነው።»

«ቀትር ነበር። ቀትር ላይ ሁሌም ይተኛል።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድሜ፣ እርዳን እንጂ። ከሐዘን የተነሳ አእምሮው ስላልተረጋጋ ብለን እንጻፈው? አንድ መስመር ናት። ትፈርማለህ፣ በቃ፣ ሁላችንም ወደ ሥራችን።»

«አእምሮዬ ደህና ነበር።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ። «መጀመሪያ ዕቃ ቤቱን በምን ከፈተው? እኔ በሬን ዘግቼ ነው የሄድኩት። ተመሳሳይ ቁልፍ ይዞ ከሆነስ? በኪሱ ያለውን ያውጣ!»

የሒሳብ ክፍሉ ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የአፈር ሐኪሙ እጁን ኪሱ ከትቶ ያለውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንድ መሐረብ። የቧንቧ እጀታ።

ሦስቱም ብረቱ ላይ አጎነበሱ።

«ይሄ የጣቢያው ንብረት ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የቤቴ ቧንቧ ነው።»

«ከቧንቧው ላይ ተነቅሎ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

በመስኮቱ በኩል መደቡ ይታያል፤ ያለ ወራቱ ለምልሞ፣ አረንጓዴ ሆኖ።

«እሺ እሱስ ይቅር» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የደከምክበትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ አስበላኸው። እኔ ለወረቀቱ አይደለም የምጠይቅህ አሁን። እንደ ሰው ነው። ለምን?»

የአፈር ሐኪሙ እጀታውን አንስቶ ኪሱ ውስጥ መለሰ።

«አጠጣሁት» አለ። «ለምን እንደሆነ አልናገርም።»